የሥጋ ዶሮ በቤት፦ ከብርዱ እስከ ድስቱ

የዶሮ ጥያቄ ተጠራቅሞብኛል። በዓል በመጣ ቁጥር ዋጋውን የሰማ ሁሉ «ለምን ራሴ አላረባም?» ይላል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ ስለሆነ መልሱ ዞሮ ዞሮ ብርድ ላይ ያርፋል። ከቆላ የጻፋችሁም አላችሁ፣ አልረሳኋችሁም። ረጃጅሞቹን ጥያቄዎች አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፦ «50 የአንድ ቀን ጫጩት ከቢሾፍቱ አስመጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግማሾቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ሞተዋል። በሽታ ነው ወይስ ሻጩ የታመመ ሰጥቶኝ ነው?»

ከአጻጻፍህ ብርድ ነው፣ ሻጩን ለጊዜው ተወው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። የምትተኛበት ቦታ 32 ወይም 33 ዲግሪ መሆን አለበት፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነስክ ትሄዳለህ። ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ከተማ አንድ አምፖል ሰቅሎ መተኛት አይሆንም።

ቴርሞሜትር ከሌለህ ጫጩቶቹን እያቸው። አምፖሉ ሥር ተፋፍገው ከጮኹ በርዷቸዋል። ሸሽተው ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። ተበታትነው እየበሉ፣ እየጠጡ፣ አንዳንዷም ባለችበት ከተኛች ደህና ነው። እኔ ግን የበለጠ የማምነው እግራቸውን ነው፦ አንዷን አንሥተህ እግሯን ጉንጭህ ላይ አስነካት። ከቀዘቀዘህ እሷ ከበረዳት ቆይታለች ማለት ነው።

ክፍሉን ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት አሙቀው፣ ወለሉም ጭምር ይሙቅ። ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ጭድ አንድ ስንዝር ባይሞላም ወፈር አድርገህ ጎዝጉዝ። ጥግ የሚባል ነገር አይኑር፣ ካርቶን አጥፈህ ዙሪያውን ክብ አድርገው፣ መደራረቢያ ያጣሉ። መብራት ሲጠፋስ? እዚህ አገር ይህን ሳይጠይቁ ዶሮ ማርባት የለም። አንዱ መላ የድርቆሽ ሳጥን ነው፦ መሐሉ ጫጩቶቹ የሚያድሩበት፣ ዙሪያውና ክዳኑ ድርቆሽ የታጨቀበት፣ ትንሽ አየር ማስገቢያ ያለው ሳጥን። የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆይላቸዋል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም።

ከሰል የምትጠቀሙ ደግሞ ስሙኝ። ዝግ ክፍል ውስጥ ከሰል ጫጩቶቹንም እናንተንም ይገድላል። ጭሱ ባይታይም መርዙ አለ። ደኅና አቀጣጥላችሁ ካስገባችሁም ከላይ በኩል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር፣ እዚያው ክፍል ደግሞ ማንም እንዳይተኛ።

ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ፦ «የፈረንጅ ዶሮዎቼ አምስት ሳምንት ሙሉ ደህና አደጉ። ከዚያ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ያብጣል፣ ያለከልካሉ፣ ይሞታሉ። አንዱን አርጄ ሳየው ሆዱ ውስጥ ቢጫ ውኃ ሞልቷል። ይተላለፋል?»

አይተላለፍም። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ፈጣኑ የሥጋ ዝርያ፣ ኮብ 500 በለው ሮስ 308፣ በስድስት ሳምንት ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ እንዲደርስ ተመርጦ የተዳቀለ ነው። ሥጋው ሲሮጥ ልብና ሳንባው ወደኋላ ይቀራሉ። ዝቅተኛ ቦታ ላይ እንደምንም ይወጣዋል። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እናንተ ደግሞ ከ3,000 በላይ ናችሁ። አየሩ ስስ ነው። በዚያ ላይ ብርድ ሲጨመር ዶሮው ለመሞቅ ብቻ ተጨማሪ ኦክስጅን ይፈልጋል። ልቡ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ይደክማል፣ ውኃው ሆዱ ውስጥ ይቋጠራል፣ አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ይጠቁራል።

መድኃኒት የለውም፣ «አንቲባዮቲክ ስጠው» ያለህን አትስማ። የሚሠራው እድገቱን ማዘግየት ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ማታ መኖውን አንሣ፣ ውኃው ግን ይቆይ። ብርዱን ለመከላከል ብለህ መስኮቱን ሁሉ በላስቲክ አትጠርቅም፣ የኩሱ ሽታ ዓይንህን ካቃጠለህ የእነሱ ሳንባ አልቋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዝርያውን መቀየር ነው። ለመንዝ እኔ ቀስ ብሎ የሚያድገውን ሳሶ የሚባል ዝርያ ነው የምመክረው። ሁለት ኪሎ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይወስድበታል፣ ግን ይደርሳል። ውኃ የቋጠረውን ዶሮ ሥጋ ደግሞ እኔ ብሆን አልበላውም፣ ቅበረው።

ከሸዋ ሮቢት፦ «እናንተ ስለ ብርድ ታወራላችሁ፣ የእኔ ዶሮዎች ከሰዓት በኋላ በሙቀት ይሞታሉ።»

እውነትህን ነው፣ ጣርማበርን ሲወርዱ ሌላ አገር ነው። ትልልቆቹ ናቸው የሚሞቱት፣ አይደል? ቦታ አስፋላቸው፣ በካሬ ሜትር 10 የነበሩትን ወደ 7 አውርድ። ቆርቆሮው ላይ ሣር ደልድልበት። መኖ በጠዋቱና ማታ ስጥ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ግን አንሣው፣ ምክንያቱም የበላ ዶሮ ከውስጥ ይሞቃል። ውኃው ጥላ ሥር ይሁን፣ ቶሎ ቶሎ ይቀየር።

ከደብረ ብርሃን፦ «መኖ ኪሴን ጨረሰው። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት በቅርብ ይገኛል፣ አተላም ቤት ውስጥ አለ። ብሰጣቸውስ?»

ለበግህና ለላምህ ስጠው። ዶሮ እንደ በግ አያመነዥክም፣ አሰር የበዛበት ነገር ሆዱን ይሞላዋል እንጂ ሥጋ አይሆነውም። ለሥጋ ዶሮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፕሮቲኑ ከ21 እስከ 23 በመቶ የሆነ መኖ ያስፈልጋል፣ በኋላ ወደ 19 ቢወርድ ችግር የለም። ራስህ የምትቀላቅል ከሆነ በቆሎ፣ የተቆላ አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ጥቂት ፉርሽካ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ጨውና ቫይታሚን ነው። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ አታስገባ። የሻገተ በቆሎ ወይም ፋጉሎ ደግሞ በርካሽ ቢሰጡህም አትውሰድ፣ ሻጋታው ጉበታቸውን ነው የሚበላው።

ሒሳቡን እንደዚህ ያዘው፦ አንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ እስኪደርስ አራት ኪሎ ገደማ መኖ ይበላል፣ ብርድ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከወጪህ ከግማሽ በላይ መኖ ነው። ስለዚህ መኖ ከመቀነስ ይልቅ ቤቱን ማሞቅ ይረክስሃል።

ከእነዋሪ፦ «የሥጋ ዶሮዎቼን ከሐበሻ ዶሮዎቼ ጋር አብሬ ልልቀቃቸው?»

አይሆንም። የሐበሾቹ ፈንግል የሚባለውን ገዳይ የዶሮ በሽታ ያስገቡብሃል። አንገት መጠምዘዝ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማቃሰት ካየህ ያ ነው፣ ከገባ በኋላ የሚያድን የለም። ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፣ በወረዳህ የእንስሳት ጤና ጣቢያ ጠይቅ። የፈንግሉ የመጀመሪያ ክትባት ኤችቢ ዋን በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ይንጠባጠባል፣ ሁለተኛው ላሶታ በኋላ በውኃ ይሰጣል፣ በመሐል ጉምቦሮ ለሚባለው ሌላ የዶሮ በሽታም ክትባት አለ። ቀኑን ባለሙያው ይንገርህ። አንድ ጠርሙስ ብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ከጎረቤት ጋር ተባበሩ። የላሶታው ውኃ ክሎሪን እንዳይኖረው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥም ጠጥተው ይጨርሱት።

ከደብረ ሲና፦ «ለገና ለመሸጥ መቼ ልጀምር?»

ጾሙን አስቢ እህቴ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ በዚያ መሐል የደረሰ ዶሮ ገዢ የለውም፣ መኖ ግን ይበላል። ለታኅሣሥ 29 ፈጣኑን ዝርያ በጥቅምት መጨረሻ፣ ሳሶውን በመስከረም መጨረሻ አስገቢ። የመስከረሙ ይሻላል፣ ውርጩ ሲመጣ ላባ አውጥተው ይጠብቁታል። ደግሞም ነጩን ፈጣን ዝርያ ይዘሽ ገበያ ብትወጪ «የፈረንጅ ነው» ብለው ዋጋውን ይሰብሩብሻል። ለበዓል ሰው የሚፈልገው ቀይ ወይም ገብስማ አውራ ነው። ነጩን ሆቴል ይወስደዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ «ጎረቤት አረደልኝ፣ እኔ ስነጭ ግን ቆዳው አብሮ እየተላጠ መጣ።»

ውኃሽ በጣም ሞቋል። ለመንጨት 60 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከፈላው ሁለት እጅ፣ ከቧንቧው ቀዝቃዛ አንድ እጅ ቀላቅይ። እግሩን ይዘሽ ዶሮውን ሙሉ በሙሉ ንከሪው፣ ወዲያ ወዲህ አድርጊው። አንድ ደቂቃ አይሞላም። የክንፉን ትልቅ ላባ ሳቢ፣ ያለ ትግል ከወጣ በቃ። ለዶሮ ወጥ ቆዳው መገፈፉ ስለማይቀር ትንሽ ቢላጥም አትጨነቂ፣ የሚያሳስበው ለጥብስ ከሆነ ነው።

ከመታረዱ በፊት ለ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል መኖ ከልክዪው፣ ውኃ ስጪው። ሆድ ዕቃው ባዶ ሲሆን ስትበልቺ አይፈስብሽም። ከሁሉ የሚጠነቀቁት ሐሞቱን ነው፦ ጉበቱ ላይ የተለጠፈችው አረንጓዴ ከረጢት ናት፣ ከፈረጠች የነካችውን ሁሉ ታመራለች። ከጉበቱ ትንሽ ቆርጠሽ አብረሽ ጣያት፣ አትሳሺ። ማቀዝቀዣ የምታስገቢ ከሆነ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ አብርጂው፣ ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ከዚያ ፍሪዘር። ትኩሱን ፍሪዘር የከተተ ሰው ድርቅ ያለ ሥጋ ይበላል።

ከጠባሴ፣ ሌላ አንባቢ፦ «በራሴ ዶሮ ዶሮ ወጥ ሠራሁ፣ ሥጋው ወጡ ውስጥ ተበታትኖ ቀረ። ምን ሆኖ ነው?»

ልጅ ስለሆነ ነው። የሐበሻ ዶሮ ዓመት ሙሉ የሮጠ ነው፣ ሰዓታት ቢቀቀል ይችለዋል። የስድስት ሳምንት ዶሮ አይችልም። ቁሌቱን እንደለመድሽው አብስዪ፣ በርበሬው ጥሬነቱን ይልቀቅ፣ ቅቤውም ይግባ። ሥጋውን ከዚያ በኋላ ጨምሪ፣ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ማማሰያውንም አትጫኚበት፣ ድስቱን እየያዝሽ ወዝወዝ አድርጊው። እንቁላሉንና መከለሻውን መጨረሻ ላይ። ሳሶ ከሆነ ግን ከዚያ ረዘም ያለ ጊዜ ስጪው፣ 12ቱም ብልት እንደ ቅርጹ ይወጣል።