ዝገት የበላው ሻንሲ

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩት የድሮ ሂሉክስ ፒክአፕ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አፅም) ከኋላ ዝጓል። ፍቆ ቀለም መቀባት ይበቃዋል? (ከደሴ)

መልስ፦ አይበቃውም። ሻንሲ ብዙ ጊዜ የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ጭቃ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን ይደፍንና እርጥበቱ እዚያው ይከርማል። መጀመሪያ ውስጡን በግፊት ውሃ ያሳጥቡት። ሲደርቅ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ የብረት ሞላ) የሚታሰርበትንና ከኋላ አክስል በላይ ያለውን ጎባጣ ቦታ በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርጉ። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድፍን ድምፅ ከሰጠ ወይም ከሰረጎደ ተበልቷል።

የተበላው እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ ይውጣ። በላዩ ላሜራ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ግን ውሃ መሃሉ ይታቆርና ዝገቱ ይቀጥላል። ምትኩ 3 ሚሊሜትር ብረት ይሁን፣ የበር ላሜራ አይሆንም። ጫፉን በያጁ ሰያፍ ይቁረጠው፤ ቀጥ ብሎ የወረደ ብየዳ ጭነት ሲበዛበት በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ከብየዳ በፊት የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ይነቀሉ፣ የነዳጅ ታንከሩም ይውረድ። የሻንሲ ቁጥሩን ግራይንደር እንዳይነካው፤ ለቦሎ ሲሄዱ ጣጣው ብዙ ነው።

በሻንሲው ላይ የሚያልፈው የፍሬን ቱቦ ከዛገ ሳይከራከሩ ይቀይሩት። የኮምቦልቻ ቁልቁለት ይቅርታ አያውቅም።