ጠርሙሱን አይቼው ነበር

ባለፈው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ሥልጠና ላይ ያለ አንድ ወጣት ሐኪም ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «ከልክ ላለፈ ውፍረት ስሊቭ ይሻላል ወይስ ባይፓስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለቱም ክብደት ለመቀነስ ጨጓራ ላይ የሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። የማውቀውን ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት፣ እዚህ ቨርጂኒያ፣ አንዲት እናት ጠይቀውኝ ነበር። ክብደታቸው 132 ኪሎ ነበር፤ የስኳር በሽታ አለባቸው፣ ጉልበታቸው ደረጃ አላስወጣ ብሏቸዋል። ወረቀት አውጥቼ ሁለት ሥዕል ሣልኩላቸው። በስሊቭ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ይሆናል። ረሃብ ቀስቃሹ ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። በባይፓስ ደግሞ ከጨጓራው አናት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ተለይታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትሰፋለች፤ ምግቡ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል።

ሁለተኛውን ሥዕል ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «አንጀቴን ግን አይንኩብኝ» አሉ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው የቃር መድኃኒት ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑን ፈተው ከአፉ ተጎነጩ፤ ከንፈራቸው ላይ የቀረውን ነጭ ፈሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጠርሙሱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። እኔም አየሁ፤ ንግግሬን ግን ቀጠልኩ።

ስሊቭ በዚያን ጊዜ በየሆስፒታሉ እየገነነ ነበር። ከባይፓስ ባጠረ ጊዜ ያልቃል፣ አንጀት መቀጠል አያስፈልገውም፣ እጄም ለምዶታል። እሳቸውም የፈለጉት እሱን ነው። ፈቃዳቸውን አከበርኩ ብዬ ቢላዬን አነሳሁ።

በሁለት ዓመት 38 ኪሎ ቀነሱ፣ የስኳር መድኃኒታቸውንም አቆሙ። እኔ ባደግሁበት አገር «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነበር፤ እናቴ ከከተማ የመጣ ዘመድ ሁሉ ሲወፍር እልል ትል ነበር። እኚህን እናት ግን ቤተ ክርስቲያን ያገኛቸው ሁሉ «ቀጥነው አማረብዎ» ይላቸዋል። ድምፃቸው ግን ሻክሯል። ባለቤታቸው «ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምታድረው» አሉኝ። በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ፣ ስናይ የምግብ ቧንቧቸው ታችኛው ክፍል ቆስሏል። ቀጭኑ ጨጓራ ውስጥ ግፊት ይበረታል፤ አሲዱም ወደ ላይ ይወጣል። ቃር ላለበት ሰው ባይፓስ የሚመረጠው ስለዚህ ነው፤ ትንሿ ከረጢት የምታመነጨው አሲድ ጥቂት ነው፣ ሐሞቱም ራቅ ብሎ ወደ ታች ይፈሳል።

ስሊቩን ወደ ባይፓስ ልቀይር በተዘጋጀሁበት ማለዳ፣ አልጋው ላይ ሆነው እጄን ያዙ። «ዶክተር፣ ያን ቀን ስጠጣ አይተውኝ ነበር እኮ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

ለዚህ ነው ለወጣቱ «በመቶኛ አትምረጥ» ያልኩት። ይህን ስል ግን ቁጥሩን አትወቁ ማለቴ አይደለም፤ በቃላችሁ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው የፊንላንድ ጥናት 240 ታማሚዎች ተካተው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ስሊቭ ያደረጉት ከትርፍ ክብደታቸው 49 በመቶ፣ ባይፓስ ያደረጉት 57 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። በዚያው ዓመት በወጣው የስዊዘርላንድ ጥናት የክብደቱ ልዩነት ጠበብ ያለ ቢሆንም፣ ስሊቭ ካደረጉት ከሦስት አንድ ያህሉ ላይ ቃር ብሷል፤ በባይፓስ ግን ይህ የደረሰው በጥቂቶች ላይ ነው።

የዛሬ ወጣቶች እጃችሁ ከእኛ ይፈጥናል፤ ቪዲዮ ደጋግማችሁ አይታችሁ ትገባላችሁ። የሕመም ታሪክ መጠየቅ ላይ ግን ትቸኩላላችሁ፤ እኔም በዕድሜያችሁ እንዲሁ ነበርኩ። ባይፓስም ቢሆን ዕዳ አለው። ብረትና ቫይታሚን ቢ12 እንደ ልብ አይገባም፤ ዕድሜ ልክ መድኃኒትና የደም ምርመራ ይፈልጋል። ታማሚያችሁ ጾመኛ ከሆነች ሥጋና ወተት ስለማትነካ ቢ12 ይበልጥ ያንሳታል። ስለዚህ «ምን ትበያለሽ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ መቼ ትጾሚያለሽ?» በሏት።

እኚያ እናት አሁን ጋደም ብለው ይተኛሉ። በየፋሲካው ይደውሉልኛል፤ ስለ ጠርሙሱ አንስተውት አያውቁም። እኔ ግን ዛሬም አንድ ታማሚ ሳወራ ቦርሳውን ከከፈተ ንግግሬን አቆማለሁ።