መልስ፦ አልወጣ ያለ የኋላ ፍሬን ታምቡር

ወንድሜ፣ «ጎማውን ፈታሁ፣ ታምቡሩ ግን በመዶሻም አልወጣ አለኝ» ላልከው፣ መዶሻውን ለጊዜው አስቀምጠው። ታምቡሩ ከጎማው ጋር የሚዞረው ጎድጓዳ የፍሬን ብረት ነው። የእጅ ፍሬኑ ተለቋል? ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። የፊት ጎማዎቹን አግድ። መኪናውንም በክሪክ ብቻ አትመነው፣ ጠንካራ ድጋፍ አስገባለት።

ከዚያ የታምቡሩን ፊት በደንብ እይ። አንዳንዱ ታምቡር በዝገት የተሸፈኑ ትንንሽ ብሎኖች ይይዙታል። ጥርስ ያላቸው ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች ካገኘህ ተገላገልክ። ብዙ ጊዜ ባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን ይገባባቸዋል፤ በየተራ ትንሽ ትንሽ ስታጠብቃቸው ታምቡሩን ራሳቸው ይገፉታል። ጠርዙን ግን አትደብድብ፣ ይሰነጠቃል።

ትንሽ ወጣ ብሎ ከያዘ ጉዳዩ ሌላ ነው። ሸራው (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው) ታምቡሩን ሲበላ ከውስጥ ጠርዝ ይተዋል፣ እሱ ነው የሚይዘው። ከኋላ ባለው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብተህ ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋውን ማስተካከያ፣ ጥርሱን ይዘህ ወደሚላላበት አዙር። ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት ከሆነ ጥርሱን የምትይዘውን ምላስ በሌላ ካቻቢቴ ገፍተህ ያዝ፣ አለዚያ ንቅንቅ አይልም።

ታምቡሩ ወጥቶ ሳለ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ! ሸራውን የሚገፉት ፒስተኖች ከሲሊንደሩ ይወጣሉ። አቧራውንም በአፍህ አትንፋ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ታምቡሩን ስትመልሰው የሚቀመጥበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ሸራውን ግሪስ አይንካው። ታምቡሩን በእጅህ ስታዞረው ሸራው ለስለስ ብሎ እስኪነካው ማስተካከያውን አጥብቅ። ፔዳሉን ደጋግመህ ረግጠህ እንደገና ሞክረው። የእጅ ፍሬኑ ገመድ የሚስተካከለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።