ከስልኩ ወዲያ ማዶ ሳል ለምትሰሙ ልጆች

አዲስ ተቀጥራችሁ ሕመምተኞች በሚደውሉበት የጤና ምክር ስልክ ላይ ተመድባችሁ ከሆነ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ነርስ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የሥራዬን የመጨረሻ ዓመታት ያሳለፍኩት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ "ሄሎ፣ ምን ልርዳዎት?" እያልኩ ነው። መጀመሪያ ስመደብ የተቀጣሁ መስሎኝ ነበር። ደረቱን ሳታዳምጥ፣ ግንባሩን ሳትነካ ሰውን እንዴት ትመረምራለህ? ቆይቶ ነው የገባኝ። በስልክ የሚሠራው ምርመራ አይደለም፣ መለየት ነው። ይህ ሰው አሁኑኑ ወደ ሕክምና ይሂድ ወይስ ቤቱ ይቆይ? ቤቱ የሚቆይ ከሆነስ ከማን ይራቅ? እነዚህን ከመለሳችሁ ትልቁን ሥራ ጨርሳችኋል።

ስልኩን እንዳነሳችሁ ሌላ ነገር ከመጠየቃችሁ በፊት ቁጥሩንና ያለበትን ቦታ ጻፉ። መስመር ይቋረጣል። አንድ ቀን አንዲት እናት "የልጄ ከንፈር ጠቆረ" ብላ ሳትጨርስ ተቋረጠብኝ። ቁጥሯ የለኝም። ራሷ መልሳ እስክትደውል አራት ደቂቃ ሆነ። ያቺ አራት ደቂቃ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣችም።

ከዚያ ቅጹ ይመጣል። ቅጽ አልንቅም፣ ሰው ሲደክመው የሚረሳውን ያስታውሳል። ግን ብዙ ቅጾች ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ጉዞ እያሉ ሄደው ሄደው ስለ ትንፋሽ የሚጠይቁት መጨረሻ ላይ ነው። እናንተ ከትንፋሽ ጀምሩ። ትንፋሽ ያጥርዎታል? ደረትዎን ይጨንቅዎታል? ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚዘባርቅ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎት የማይነቃ፣ ውኃ መዋጥ ያቃተው ሰው አለ? አንዱ እንኳ "አዎ" ከሆነ ቅጹን አቁሙና አምቡላንስ ወይም ድንገተኛ ክፍል። ዕድሜውን በኋላ ትሞሉታላችሁ።

ደግሞ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ሰውየው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ይጨርሳል? ወይስ በየሦስት ቃሉ አየር ይስባል? አንዳንዱ ባለሙያ "በአንድ ትንፋሽ እስከ ሠላሳ ይቁጠሩልኝ" ይላል። እኔም እል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ይህን ፈተና በስልክ አትመኑት ብለው መከሩ፣ በደንብ የቆጠረ ሰው ሁሉ ደህና አይደለምና። ተውኩት። በምትኩ የያዝኩት ጥያቄ ይኼ ነው፦ "ትናንት ያደርጉት የነበረ፣ ዛሬ ያቃትዎት ነገር አለ?" አንድ አባት ትንፋሽ ያጥርዎታል ብላቸው "ኧረ ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው" አሉኝ። ይህን ስጠይቃቸው ግን "ሽንት ቤት ስሄድ መሐል ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ" አሉ። ያ ድካም አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ኦክስጅናቸው ወርዶ ሳለ ብዙም ሳይጨነቁ የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመውናል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ቤታቸው ካለ ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፣ ከ90 በታች ድንገተኛ ነው፣ መሐል ላይ ያለው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። መሣሪያውንም አታምልኩት። ጥፍር ቀለም ያሳስተዋል። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ለሕፃናት መለኪያ አያስፈልግም፣ የእናትየው ዓይን ይበቃል። ልብሱን ገለጥ አድርጋ የደረቱን ከፍ ዝቅ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቁጠር፣ ሰዓቱን እናንተ ያዙላት። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው፣ የሳምባ ምች ሊሆን ስለሚችል ይታይ። እያለቀሰ ያለ ልጅ አይቆጠርም፣ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ከሁለት ወር በታች ሆኖ ያተኮሰው ሕፃን ግን ቁጥር ሳትጠብቁ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው ይዋሻል። ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ስለሚፈራ ነው። "ከታመመ ሰው ጋር ንክኪ ነበረዎት?" ብላችሁ ብትጠይቁ ከአሥሩ ብዙዎቹ "በፍጹም" ይሏችኋል። ጥያቄው ውስጥ ክስ አለ። ፖሊስ ጣቢያ የሚጠየቅ ይመስላል። "በዚህ ሳምንት አጠገብዎ ያስል የነበረ፣ ያተኮሰው ሰው ትዝ ይልዎታል?" ስትሉ ግን ማስታወስ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ "የምጠይቅዎት ቤትዎ ያለውን ሰው ለመጠበቅ ነው።" የሚነግራችሁን ማን እንደሚያየው ከጠየቀም እውነቱን ንገሩት። ለአለቃው እንደማይደርስ እርግጠኛ ካልሆናችሁ አይደርስም አትበሉ።

አንድ ወጣት ብቻዬን ነው የምኖረው አለኝ። ሦስት ጥያቄ አልሄድንም፣ ከኋላው ሕፃን አለቀሰ። ዝም ተባባልን። ያን ጊዜ "አሁን ብቻዬን ነኝ አላልክም?" ማለት ይመጣል፣ አፍ ላይ ነው ያለው። ዋጥ አደረግኩትና "ሕፃኑ ደህና ነው? ያስላል?" አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ሁሉንም አወጣው። ሚስቱ ታማለች፣ እሱ ሥራ መግባቱን አላቋረጠም፣ ቢታወቅ የሚባረር መስሎት ነበር። ብይዘው ኖሮ ስልኩን ይዘጋው ነበር፣ እኔም "አንድ ሰው፣ ብቻውን የሚኖር" ብዬ ጽፌ እቀጥል ነበር።

እናንተ በኮቪድ ዘመን ያደጋችሁ ስለሆነ ሳል ሁሉ ኮቪድ ይመስላችኋል። አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ከሰማችሁ ቲቢን አስቡ። ያንን ሰው ቤትህ ተቀመጥ ብቻ ብላችሁ ከሸኛችሁት ቤተሰቡን እያስያዘ ይከርማል፣ የአክታ ምርመራና መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። ልጅ ሳሉ ተከታትሎ መጨረሻ ላይ እየጮኸ አየር የሚስብና የሚያስመልሰው ከሆነ ትክትክ ሊሆን ይችላል። ጨቅላዎች ላይ ግን ያ ድምፅ ላይኖር ይችላል፣ ትንፋሻቸው ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። ትኩሳት፣ ቀይ ዓይንና ሽፍታ ካለ ደግሞ ኩፍኝ። ይህን ሰው ዝም ብላችሁ "ጤና ጣቢያ ሂድ" አትበሉት። የኩፍኝ ቫይረስ ሰውየው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። እርጉዝና ጨቅላ ከተቀመጡበት መጠበቂያ ክፍል አስገባችሁት ማለት ነው። አስቀድማችሁ ደውሉ፣ በሌላ በር ያስገቡት።

ስለ ቃላቱም ትንሽ። ሰዎች የታመመውን መለየትና የተጋለጠውን ማቆየት ይቀላቅሏቸዋል። የታመመው ላለማስተላለፍ ይለያል። ገና ያልታመመው፣ ግን ንክኪ የነበረው፣ ይታመም እንደሆነ እስኪታወቅ ይቆያል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ዛሬ ዱብሮቭኒክ በምትባለው የክሮኤሺያ ከተማ፣ በራጉሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1377 ወረርሽኝ ካለበት የመጣ ሰው 30 ቀን ውጭ እንዲቆይ ተደነገገ፣ በኋላ 40 ሆነና "ኳራንቲን" የሚለው ስም ከጣሊያንኛው አርባ ወጣ። ቀኑ ያኔም ይለዋወጥ ነበር፣ አሁንም ይለዋወጣል። ለኮቪድ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ምልክት የታየበት ሰው የሚለይበት ጊዜ 10 ቀን፣ በላዩ ላይ ቢያንስ ሦስት ቀን ያለ ምልክት ይሁን አለ። በ2023 ምልክት ለታየበት 10፣ ምልክት ለሌለው 5 ቀን አደረገው። ስለዚህ ያለፈውን ዓመት ቁጥር እንደ ጸሎት አትድገሙ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ ያለው መመሪያ የወጣበትን ቀን እዩ። ሰው ሁልጊዜ የሚሳሳተው ደግሞ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ምልክት ላለበት የሚቆጠረው ምልክቱ ከጀመረበት ቀን እንጂ እናንተ ጋ ከደወለበት አይደለም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። አንዲት ሴት ደወለች። ትኩሳትና ሳል፣ ሌላ የሚያሰጋ ነገር የላትም። እንደ በቀቀን "የተለየ ክፍል ውስጥ ይሁኑ፣ የተለየ መታጠቢያ ቤት ይጠቀሙ" አልኳት። "እሺ" አለች። እኔም ደስ ብሎኝ ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን ስደውልላት ድምፅዋ ጭራሽ ጠፍቷል። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። አምስት ሆነው ይኖራሉ። ሌሊቱን በር ላይ፣ ብርድ ላይ፣ ተቀምጣ ስታነጋ ነው የሰነበተችው፣ እኔ ያዘዝኩት እሱን መስሏት። አንጀቴን በላችው። "ለምን አልነገሩኝም?" ስላት "አልጠየቁኝማ" አለች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱን ሳልጠይቅ አንድም ምክር አልሰጠሁም። ስንት ክፍል ነው? ስንት ሰው ያድራል? መስኮት አለው? ከሁሉ ዕድሜው የገፋ ማነው? እርጉዝ አለች? ክፍሉ አንድ ከሆነም የሚሠራ ነገር አይጠፋም። መስኮትና በር ይከፈት፣ የታመመው መስኮቱ አጠገብ ይተኛ፣ የቀሩት ራቅ ብለው፣ ጭንቅላታቸውን በእሱ እግር በኩል አድርገው ይተኙ። ሰው ሲቀርበው እሱም አስታማሚውም ማስክ ያድርጉ። የሚያስታምመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ እሱም ከሁሉ ጤነኛው። የምታጠባ እናት ኮቪድ ወይም ጉንፋን ቢይዛት ጡት አታቋርጥ፣ ማስክ አድርጋና እጇን ታጥባ ማጥባቷን ትቀጥል። በቀን ሥራ የሚያድረው ሰው "ካልወጣሁ ምን እንብላ?" ሲላችሁ ምክር አትደርድሩበት። የሚረዳ ቦታ ካለ ቁጥሩን ስጡት፣ ከሌለ እንደሌለ ንገሩትና ግድ መውጣት ካለበት ቢያንስ የትኞቹን ቀናት መቅረት እንዳለበት አብራችሁ ምረጡ። ለኢንፍሉዌንዛ ለምሳሌ በብዛት የሚያስተላልፈው በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ነው። መመሪያው ውስጥ እንዲህ አይልም። ግን ሙሉውን አልችልም ብሎ ሁሉንም ከሚተው ሦስቱን ቀን ቢቀመጥልኝ እመርጣለሁ።

መልሳችሁ ደውሉ። ኮቪድ አንዳንዱን ሰው የሚያዳክመው በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ ተሻለኝ ባለበት። ኢንፍሉዌንዛም ከተሻለ በኋላ ትኩሳቱ ከተመለሰና ሳሉ ከባሰ ሌላ የሳምባ ምች ደርቦበት ሊሆን ይችላል። ይህን ደዋዩ ከመጀመሪያው ቀን ይወቀው፣ "ምን ካየሁ ልደውል?" የሚለውን ይዞ ይዝጋ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ በራሱ አፍ ያስረዳችሁ። "ገባዎት?" አትበሉ፣ ሁሉም ሰው ገባኝ ይላል። አንድ ሰውዬ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሳስረዳው "እሺ፣ እሺ" ሲለኝ ቆየ። መስኮቱን፣ ማስኩን፣ የቀኑን አቆጣጠር፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሚስቱም ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዋን ይከረክራታል። በመጨረሻ "እስቲ አሁን ምን እንደሚያደርጉ ይንገሩኝ" አልኩት።

"ሚስቴን እናቷ ጋ እልካታለሁ" አለ ኮራ ብሎ። "አሮጊቷ ብቻቸውን ስለሆኑ ሰፊ ቦታ አለ።"

ወንበሬን ወደ ጠረጴዛው ሳብኩና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን።