ቴሌስኮፕ ሳይኖረኝ ከዋክብትን ማጥናት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በጋዝና በአቧራ ደመና ውስጥ የሚወለዱ ከዋክብትን በኤክስሬይ ማጥናት እፈልጋለሁ። ቴሌስኮፕ ግን የለኝም። ቤተሰቦቼም «ሥራ የለውም፣ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ቀይሪ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመቀየር አትቸኩዪ። የቴሌስኮፑን ነገር ደግሞ እርሺው። ከጠፈር የሚመጣ ኤክስሬይ የምድርን ከባቢ አየር አያልፍም፤ ስለዚህ መሣሪያዎቹ ያሉት እዚያው ጠፈር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጠቁት የኤክስሬይ ጠፈር ቴሌስኮፖች ቻንድራና ኤክስኤምኤም-ኒውተን ከሰበሰቡት ዳታ አብዛኛው ለማንም ክፍት ነው። ቁጭ ብለሽ በነፃ ታወርጂዋለሽ።

ምርጫሽ ደግሞ ድንቅ ነው። ቻንድራ እ.ኤ.አ. በ2003 ከዋክብት የሚወለዱበትን ደመና፣ የኦሪዮን ኔቡላን፣ ለ13 ቀን ያህል ተመልክቶ ከ1,600 በላይ የኤክስሬይ ምንጮች አግኝቷል። አብዛኞቹ ወጣት ከዋክብት ናቸው። መግነጢሳዊ እንቅስቃሴያቸው ኃይለኛ ስለሆነ በኤክስሬይ ከፀሐይ እስከ ሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይደምቃሉ። ኃይለኛው ኤክስሬይ ደግሞ የሚታየውን ብርሃን የሚጋርደውን አቧራ ሰንጥቆ ይወጣል። በኢንፍራሬድ ጎልተው የሚታዩት በዙሪያቸው የአቧራ ዲስክ ያላቸው ናቸው። ዲስካቸውን የጨረሱትን ለይቶ የሚያወጣልን በተለይ ኤክስሬይ ነው።

የዕለት ሥራው ግን እንደ ፎቶዎቹ አያብረቀርቅም። ፋይሉን ስትከፍቺ የምታገኚው ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር ብዙውን ጊዜ አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ነው፦ መቼ ደረሰ፣ የት አረፈ፣ ጉልበቱ ስንት ነው። ደብዛዛ ኮከብ ሃያ ፎቶን እንኳ ላይሞላ ይችላል። በዚያች ቁጥር ኮከብ ይሁን ከደመናው ጀርባ ያለ ሩቅ ጋላክሲ መለየት ይጠበቅብሻል። ስታቲስቲክስ ላይ ጠንክሪ የምልሽ ለዚህ ነው።

በቀጣዩ የእረፍት ጊዜሽ የቻንድራን ነፃ ሶፍትዌር «ቻው»ን (CIAO) ሊኑክስ ላይ ጫኚ። አንድ የኦሪዮን ምልከታ አውርጂ። የአንድ ኮከብ ድምቀት በሰዓታት ውስጥ እንዴት እንደሚለዋወጥ በግራፍ አውጪ። ኮከቡን ድንገት የሚያደምቅ ፍንዳታ ካጋጠመሽ ያስደስትሻል። ሥራው ከሰለቸሽም አሁን ማወቅሽ ይጠቅምሻል።

ቤተሰቦችሽ የሚሉት እውነት አለበት። ቋሚ የተመራማሪነት ቦታ ጥቂት ነው፤ ከዶክትሬት በኋላም ዓመታት በኮንትራት ማሳለፍ የተለመደ ነው። ግን የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋና የዳታ ትንተና ይዘሽ ከወጣሽ በሕክምና ምስልም በባንክም ትፈለጊያለሽ። የፕሮግራሚንግ ኮርሶችን በምርጫ ውሰጂ፤ ዲፓርትመንትሽን አትልቀቂ።

ግራፉ ሲያልቅ በመስኩ ለሚሠራ ተመራማሪ ላኪው። የትኛውን ምልከታ እንደተጠቀምሽ ጻፊና አንድ ግልጽ ጥያቄ ጠይቂ። «አስትሮኖሚ እወዳለሁ» ከሚል ረጅም ደብዳቤ ይልቅ ይሄኛው መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።