ዊዳል ሰልችቶኛል፣ ማይክሮባዮሎጂ ልማር ወይስ ሽያጭ ልግባ?

አንዲት የሜዲካል ላብራቶሪ ምሩቅ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «የግል ክሊኒክ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሰገራ፣ ሽንት፣ ዊዳልና ዌልፊሊክስ (የታይፎይድና የታይፈስ የደም ምርመራዎች) ነው። ማስተርሴን በማይክሮባዮሎጂ ልማር አስቤ ነበር። ጓደኞቼ ግን ባክቴሪያ ቀለም ቀብቶ ማየት ጊዜው አልፎበታል፣ መድኃኒት ሽያጭ ግቢ ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ብሩ እናውራ። ቶሎ ገንዘብ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ሽያጩ ይሻልሻል። ማስተርስ ይዘሽ መንግሥት ሆስፒታል ብትገቢ ኑሮሽ በአንድ ጊዜ አይለወጥም። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ ይህን አስቢበት።

«ጊዜው አልፎበታል» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ዘዴውን በርሊን ላይ ያወጣው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው፤ አርጅቷል። ሆኖም ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ልጅ ከወገቡ ፈሳሽ ተቀድቶ ሲመጣ፣ ዛሬም መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። ክሪስታል ቫዮሌት (ሐምራዊው ቀለም)፣ አዮዲን (ቀለሙን የሚያጣብቀው)፣ አልኮል (የሚያጥበው)፣ ሳፍራኒን (ቀዩ ቀለም)። በነጭ የደም ሕዋሶች ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ቀያይ ክቦችን ካየሽ፣ ካልቸሩ (ባክቴሪያውን ሳህን ላይ አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ሳይደርስ ለሐኪሙ ትደውያለሽ። አልኮሉን ትንሽ ካቆየሽው ደግሞ ሐምራዊ መሆን የነበረበትም ቀይ ሆኖ ቁጭ ይላል። እጅ ይፈልጋል።

የሰው እጥረት ያለውም እነዚህ ቀያዮቹ፣ ግራም ኔጌቲቮቹ ላይ ነው። ከውጭ አንድ ተጨማሪ ሽፋን አላቸው። ቫንኮማይሲንን የመሰለ ጠንካራ መድኃኒት እንኳ ያንን ሽፋን አያልፍም። ታይፎይድ፣ ኮሌራና ጨብጥ የእነሱ ሥራ ናቸው። አብዛኛው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም እንደዚሁ። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ክሌብሲየላ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይገባል፤ ሱዶሞናስ የተቃጠለ ቁስል ላይ ይሰፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ዝርዝር፣ ካርባፔነም የሚባለው ጠንካራ አንቲባዮቲክ የማይገድላቸው አሲኔቶባክተርና የክሌብሲየላ ዘመዶች በአሳሳቢነት ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። ፒሲአር (የዘረመል ምርመራው) የሚያውቀውን ጂን ፈልጎ ይነግርሻል። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ካልቸር ሳህኑ መመለስ ግድ ነው። ያንን ሳህን በትክክል የሚያነብ ሰው ከሌለ ሐኪሙ በግምት ያዝዛል።

ደግሞ የሰለቸሽ ዊዳል ራሱ ምክንያት ይሆንሻል። የሚለካው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ ድሮ የታመመ ሰውም ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። በአንድ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ ተብሎ መድኃኒት ተሸክሞ የሚሄደውን ሰው ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ቁርጡን የሚናገረው የደም ካልቸር ነው፤ እሱንም ቢሆን አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ከተወሰደ።

ስለዚህ ለማስተርስ ከማመልከትሽ በፊት ካልቸር የሚሠራ ሪፈራል ሆስፒታል ፈልጊ። ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃም ቢሆን ግቢ። ማኮንኪ በሚባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ሮዝ ሆኖ የሚዝለገለገውን ክሌብሲየላ በዓይንሽ እዪ፤ የሱዶሞናስን አረንጓዴ ቀለምና ጣፋጭ ሽታ ልመጂ። ይህ ካሰለቸሽ ሳትከፍዪ አወቅሽው ማለት ነው፣ ሽያጩ የትም አይሄድም።

ከተማርሽ ደግሞ የመመረቂያ ጥናትሽን «የባክቴሪያ ስርጭት በእንዲህ ያለ ሆስፒታል» ብለሽ አትጨርሺው። እሱ መደርደሪያ ሞልቷል። ባክቴሪያ መድኃኒት መላመዱ ከየት ወደ የት እንደሚተላለፍ የሚጠይቅ ርዕስ ያዢ፤ አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ዓይነት ቦታ ለመግባት ይረዳሻል።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢም «ላክቶስ (የወተት ስኳር) የማያፈላ፣ በኦክሲዴዝ ምርመራ ፖዘቲቭ የሆነ ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ቢገጥምሽስ?» ሊሉሽ ይችላሉ። «ሱዶሞናስን እጠረጥራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሪኤጀንቱ (የምርመራው ኬሚካል) መሥራቱን በሚታወቅ ዝርያ አረጋግጣለሁ» በያቸው።