ስካን በተደረጉ መጻሕፍት ውስጥ ፈልጎ ማጣት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ባለ አንድ የቆየ የአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ «ኃይለ ሥላሴ» ብዬ ብፈልግ ምንም አልመጣም። ገጹን ስገልጥ ግን ስሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ፍለጋው የሚያየው የገጹን ምስል አይደለም፤ ኦሲአር የሚባለው ፊደል አንባቢ ፕሮግራም ከምስሉ ላይ ለቅሞ የጻፈውን ጽሑፍ ነው። ኦሲአሩ ለግዕዝ ፊደል ካልተዘጋጀ ገጹን በሙሉ የላቲን ፊደልና የነጥብ ቅልቅል ያደርገዋል። ቢዘጋጅም እንኳ ቀለሙ በደበዘዘ ኅትመት ላይ «ለ»ን ከ«ሰ»፣ «ላ»ን ከ«ሳ» ያምታታል። ስለዚህ መጀመሪያ «ፉል ቴክስት» የሚለውን ከፍተው ከመጽሐፉ መካከል አሥር ያህል መስመር ከምስሉ ጋር ያስተያዩ። ግማሹ የማይነበብ ከሆነ ፍለጋውን ይተዉትና በማውጫው እየተመሩ ገጽ ይግለጡ።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ ደህና ሆኖ ሳለ ስሙ ካልተገኘስ?

መልስ፦ ያኔ ጣጣው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። በዚሁ ስም እንየው። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ 6 ነው። «ሥላሴ» በሥ ወይም በስ፣ በሴ ወይም በሤ ይጻፋል፤ 4 ነው። 24 አጻጻፍ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ሲገጠሙ፣ በባዶ ቦታ ሲለያዩና በሁለት ነጥብ ሲለያዩ ደግሞ 72 ይደርሳል። አብዛኛው የፍለጋ ሞተር ይህን አንድ አድርጎ አያይም። በዚያ ላይ የ፣ ለ፣ በ፣ ከ ከፊት ሲለጠፉ ሌላ ቃል ይመስለዋል።

መፍትሔው ጽሑፉን አውርዶ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የአንድን ቃል የተለያየ አጻጻፍ በአንዴ በሚይዝ የፍለጋ ቀመር) መፈለግ ነው፦

[ሀሃሐሓኀኃ]ይለ[ ፡]*[ሥስ]ላ[ሴሤ]

ይህች መስመር 72ቱንም ትይዛለች፤ ቅጥያ ቢለጠፍም አታመልጥም። ስሙ በመስመር መጨረሻ ላይ ተቆርጦ ከሆነ ግን አትይዘውም፤ ለዚያ «ላ[ሴሤ]» ብቻውን ይፈለግ።

ጥያቄ፦ የኅትመት ዘመኑ ላይ ምን ያህል እንመን?

መልስ፦ ሽፋኑ ላይ 1950 የሚል የአማርኛ መጽሐፍ በአውሮፓውያኑ 1957 ወይም 1958 ነው የታተመው። መዝጋቢው ሳይቀይር 1950 ብሎ ካስገባው፣ በዘመን ሲያጣሩ መጽሐፉ ይጠፋል። ማጣሪያውን ወደ ኋላ 8 ዓመት ያስፉት፣ ከዚያም የርእስ ገጹን ራስዎ ያንብቡ። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጉግል ቡክስ ላይ እጅግ ብዙ መጻሕፍት በስሕተት 1899 ተብለው መመዝገባቸው በ2009 እ.ኤ.አ. መነጋገሪያ ነበር።

ጥያቄ፦ በጸሐፊ ስም ስፈልግስ?

መልስ፦ መዝጋቢዎች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው ስለሚያስቀድሙ በሁለቱም ቅደም ተከተል ይሞክሩ። የላቲን አጻጻፉም አንድ ወጥ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለብራና ጥናት ማይክሮፊልም (ገጾቹ በትንሹ የተነሡበት ፊልም) ይበቃል?

መልስ፦ ለንባብ አዎ፤ ለሌላው ግን አይበቃም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተነሣውና ሚኒሶታ የሚገኘው ትልቁ የኢትዮጵያ ብራናዎች ስብስብ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ግዕዝ ብራና ላይ ርእስና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ ፊልሙ ላይ ግን ቀዩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ስም በኋላ ተፍቆ ሲተካ የሚታየው የቀለም ልዩነትም አብሮ ይጠፋል። የባለቤትነት ክርክር ያለበት ብራና ከሆነ ደግሞ ወሳኙ ማስረጃ ያ ነው። የቀለም ፎቶ ይጠይቁ፣ ካልሆነ ብራናው ያለበት ድረስ መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ሊንኩን ብቻ ብጠቅስ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ሲመታ የብራና ምስሎቹ ለረጅም ጊዜ ከድረ ገጹ ጠፍተዋል። ሊንክ ብቻ የጠቀሰ ሰው አንባቢውን የትም አላደረሰም። የብራናውን መለያ ቁጥርና የቅጠሉን (የሉኩን) ቁጥር ይጻፉ፣ የፊትና የጀርባ ገጹን ለይተው። የታተመ መጽሐፍ ከሆነም ፒዲኤፉ የሚያሳየውን የምስል ቁጥር ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የታተመውን የገጽ ቁጥር ይያዙ፤ ሽፋኑና መቅድሙ ስለሚቆጠሩ ሁለቱ አይገጥሙም።